ለሰፊው አንባቢ የተጻፈ አካዳሚክ መጽሐፍ የት ይታተም? የዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አማራጮች ጎን ለጎን

ዓመታት የለፋችሁበትን ጥናት ከሙያው ውጪ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያነበው አድርጋችሁ ልትጽፉ ነው እንበል። ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ይሻለኛል» የሚል ነው፣ ሰውም የሚመልስላችሁ በስም ነው፣ ኦክስፎርድ ምናምን፣ ካምብሪጅ ምናምን። እኔ ግን ከስሙ በፊት ሌላ ነገር ጠይቁ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አንድ ፕሬስ ውስጥ ራሱ ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር አለ። አንዱ ለላይብረሪ የሚሸጥ መጽሐፍ ያወጣል፣ ሌላው ለሰው የሚሸጥ። ሽፋኑ ላይ ያለው ዓርማ አንድ ነው፣ ዋጋው፣ የሚታተመው ብዛትና መጽሐፍ መደብር የመግባት ዕድሉ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቋንቋችሁን አቅልላችሁ፣ ጃርጎኑን (የሙያ ቃላቱን) ጠርጋችሁ፣ ምዕራፎቹን ሦስቴ አራቴ ጽፋችሁ በመጨረሻ መጽሐፉ በላይብረሪ ዋጋ በሃርድከቨር (በጠንካራ ሽፋን) ብቻ ቢወጣ ያ ሁሉ ልፋት ረቂቁን ለሚገመግሙት ሪቪወሮችና ለጓደኞቻችሁ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ፕሬስን ከፕሬስ ብቻ ሳይሆን መስመርን ከመስመር ነው የማነጻጽረው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሌላ አሳታሚ በምን ይለያል

ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በዩኒቨርሲቲ ስር ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለትርፍ ያልተቋቋመ አሳታሚ ነው። ነገሩ የቆየ ነው፣ ካምብሪጅ የማተም ፈቃዱን ከንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ያገኘው በ1534 ሲሆን የመጀመሪያ መጽሐፉን ለማውጣት ግን እስከ 1584 ቆይቷል (ለዘገየ ደራሲ ሁሉ መጽናኛ ነው)። በስፋት ኦክስፎርድ ከሁሉም ይበልጣል፣ አሜሪካ ውስጥ ሳይቋረጥ የቆየው አንጋፋ ደግሞ በ1878 የተጀመረው ጆንስ ሆፕኪንስ ነው።

ለእናንተ ግን ከዕድሜው በላይ ቁም ነገሩ በሩ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ናቸው። አንድ ኤዲተር መጽሐፋችሁን ቢወደውም ብቻውን «እሺ» ማለት አይችልም። ፕሮፖዛሉ ከናሙና ምዕራፎች ጋር፣ ወይም ሙሉ ረቂቁ፣ በመስኩ ላሉ ሁለት አንዳንዴም ሦስት ሰዎች ይላካል፣ እነሱ ሪፖርት ይጽፋሉ፣ እናንተ ለሪፖርቱ መልስ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ ሁሉም ተጠቃሎ በአብዛኛው ከመምህራን ለተዋቀረው ቦርድ ይቀርባል። አንዳንድ ፕሬስ በፕሮፖዛል ብቻ ቅድመ ውል ይሰጣል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉው ረቂቅ ሲደርስ እንደገና ለግምገማ ስለሚሄድ እንደ ሙሉ ዋስትና አትቁጠሩት። ለሰፊው ገበያ የሚወጣውም መጽሐፍ ቢሆን በዚሁ በር ነው የሚያልፈው፣ እና ይሄ ጥቅም ነው፣ አንባቢ ሽፋኑ ላይ የፕሬሱን ስም ሲያይ የሚያምነው ሌላ ሰው እንዳየው ስለሚያውቅ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ጋር ነው። ሪቪወሩ የሙያው ሰው ነው፣ ስለዚህ የሚያየው የጎደለውን የሙያ ነገር ነው። የእከሌ ክርክር አልተጠቀሰም፣ ቲዎሪው ሳስቷል፣ መግቢያው ላይ ቀደም ያሉ ጥናቶች በሰፊው ይዳሰሱ፣ ይሄ ቃል አልተተነተነም ይላል። ለሁሉም እሺ ካላችሁ መጽሐፉ ተመልሶ ዲሰርቴሽን ይሆናል፣ ሲታተምም ማንም አያነበውም። ይሄንን ገና ሳይላክ ነው መከላከል የሚቻለው። ለኤዲተሩ «ለሪቪወሮቹ በምትጽፈው ደብዳቤ ላይ መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ በግልጽ ይቀመጥልኝ» ብትሉት ማንም አይቀየማችሁም። ፕሬሶች ብዙ ጊዜ የሪቪወር ስም ጠቁሙ ይላሉ፣ ያኔ በመስኩ ከተከበሩት ውስጥ ራሳቸው ለሰፊ አንባቢ ጽፈው የሚያውቁትን ጠቁሙ፣ እነሱ አንድ አንቀጽ ለምን አጭር እንደሆነ አይጠፋቸውም። ሪፖርቱ ሲመጣ ደግሞ አስተያየቱን ለዩት። የመረጃ ስህተት ከሆነ ሳትከራከሩ አርሙ። የታለፈ ተቃራኒ ክርክር ከሆነ ጽሑፉ ውስጥ አስገቡት፣ መጽሐፉን ያጠነክረዋልና። «ይሄንንም አንብበሃል ወይ» ዓይነቱን ወደ መጨረሻ ማስታወሻ ላኩት። መልስ ደብዳቤያችሁ ላይ የማትቀበሉትን ነገር ለምን እንዳልተቀበላችሁ ከአንባቢው ተነስታችሁ ካስረዳችሁ ቦርዱ ይሰማል፣ የሚያስቸግረው ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

ሞኖግራፍ ወይስ ትሬድ

አሁን ወደ ዋናው። ሞኖግራፍ መስመር የሚባለው መጽሐፉ በዋናነት ለምርምር ላይብረሪዎችና ለመስኩ ሰዎች ታስቦ ሲወጣ ነው። የሚታተመው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ቅጂ ነው፣ ሃርድከቨር ነው፣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው ምክንያቱም ኤዲቲንጉ፣ ታይፕሴቲንጉ፣ ሪቪውው ሁሉ በነዛ ጥቂት ቅጂዎች ላይ ነው የሚካፈለው። ፕሬሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሂሳቡ ነው። ትሬድ መስመር ደግሞ በሺዎች የሚታተም፣ ዋጋው አንድ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ሊገዛው በሚችል ልክ የተተመነ፣ ለጋዜጣና ለመጽሔት የሪቪው ቅጂ ከመውጣቱ ወራት ቀድሞ የሚላክለት፣ ካታሎጉ ላይ የፊት ገጾችን የሚይዝ መጽሐፍ ነው።

ደራሲዎች ብዙም የማይጠይቁት ግን ከሁሉም በላይ የሚወስን አንድ ነገር አለ፣ ፕሬሱ ለመጽሐፍ መደብር የሚሰጠው ዲስካውንት። ትሬድ ዲስካውንት ሲሆን መደብሩ ከሽፋኑ ዋጋ 40 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ቅናሽ ያገኛል፣ ስለዚህ ደርድሮ ቢሸጠው ያዋጣዋል። አጭር ዲስካውንት የሚሉት ደግሞ 20 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ በዚህ ሂሳብ የትኛውም መደብር መጽሐፋችሁን መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም፣ ደንበኛ በስም ጠርቶ ካላዘዘ በስተቀር። ሽፋናችሁ የፈለገውን ያህል ይመር፣ ርዕሱ የፈለገውን ያህል ይሳብ፣ ዲስካውንቱ አጭር ከሆነ በቃ አጭር ነው። ስለዚህ ከኤዲተር ጋር ስታወሩ በቀጥታ ጠይቁ፣ «ይሄ መጽሐፍ በየትኛው ዲስካውንት ነው የሚወጣው?» የሚለው ጥያቄ ስራውን እንደምታውቁ ያሳያል እንጂ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ፔፐርባክ ነው፣ በለስላሳ ሽፋን የሚወጣው ረከስ ያለ ቅጂ። ከመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ከዓመት ከዓመት ተኩል በኋላ? «በኋላ» ከተባለ ደግሞ የተረጋገጠ ነው ወይስ የሃርድከቨሩ ሽያጭ ታይቶ? ውሉ ላይ «ሊያወጣ ይችላል» እና «ያወጣል» መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፣ የመጀመሪያው ቃል ኪዳን አይደለም።

በሁለቱ መስመር መካከል ደግሞ አካዳሚክ ትሬድ ወይም ክሮስኦቨር የሚሉት አለ፣ ለሙያው ሰውም ለውጪውም ሰው ይሆናል የሚባል። ብዙዎቻችሁ የምትገቡት እዚህ ነው። ጥሩ ሲሆን የሁለቱንም ጥቅም ይሰጣል፣ ካልሆነ ግን ሞኖግራፍ ሆኖ ሽፋኑ ብቻ ያማረ ነው። ስሙን አትስሙ፣ ዋጋውን፣ ዲስካውንቱንና ፎርማቱን ጠይቁ፣ ከዛ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ያው ኤዲተር ያወጣቸውን መጽሐፎች ዌብሳይቱ ላይ ገብታችሁ በስንት እንደሚሸጡ እዩ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ ከሞኖግራፍ ሀብታም የሆነ ሰው አልሰማሁም። ሮያሊቲው (ከሽያጩ ለደራሲው የሚደርሰው ድርሻ) ከዜሮ ጀምሮ እስከ 10 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ቅድመ ክፍያ ብዙ ጊዜ የለም ወይ ትንሽ ነው። ግን ፐርሰንቱ ከምን ላይ እንደሚሰላ እዩ። የሽፋን ዋጋው 30 የሆነ መጽሐፍ 10 ፐርሰንት በሽፋን ዋጋ ከተሰላ 3 ታገኛላችሁ፣ በተጣራ ገቢ ከተሰላ ግን ሻጩ 45 ፐርሰንቱን ወስዶ 16.50 ነው የሚቀረው፣ የናንተ 1.65 ይሆናል። ቁጥሩ አንድ 10 ነው፣ ገንዘቡ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ትልቅ ፕሬስ፣ ትንሽ ፕሬስ

ስም ይጠቅማል፣ አልዋሽም፣ በተለይ የቅጥርና የማዕረግ ኮሚቴ ፊት። ግን ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በዓመት የሚያወጡት መጽሐፍ እጅግ ብዙ ነው፣ እዛ ውስጥ ትኩረት የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። ፕሪንስተን፣ ዬል፣ ሃርቫርድ፣ ቺካጎ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኤምአይቲ ጠንካራ የትሬድ መስመር አላቸው፣ ከዩኒቨርሲቲ ፕሬስም ዓለም አቀፍ ቤስት ሴለር ሊወጣ እንደሚችል ሃርቫርድ በ2014 ያወጣው፣ ከፈረንሳይኛ የተተረጎመው ወፍራም የቶማስ ፒኬቲ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ያሳየ ይመስለኛል። ያ ግን ሎተሪ ነው፣ እሱን እያሰባችሁ አትፈርሙ።

ትናንሾቹ ፕሬሶች ዘንድ ኤዲተሩ በዓመት የሚይዘው መጽሐፍ ጥቂት ከሆነ ረቂቁን መስመር በመስመር የማንበብ ዕድሉ ይሰፋል፣ ኢሜይልም ቶሎ ይመለሳል። ብዙዎቹ ስላሉበት አካባቢ ታሪክ፣ ተፈጥሮ፣ ባህል የሚያወጡት የራሳቸው የትሬድ መስመር አላቸው፣ የአካባቢውን መደብሮችና ሙዚየሞች ያውቋቸዋል። ርዕሳችሁ ከአንድ አካባቢ ጋር የተያያዘ ከሆነ ትልቅ ፕሬስ ካታሎግ መጨረሻ ላይ ከመቀመጥ የትንሹ ፕሬስ የወቅቱ ዋና መጽሐፍ መሆን ይሻላል የሚል አቋም አለኝ።

ከመጠኑ ይልቅ ግን በየትኛው መስክ እንደሚታወቅ ነው መታየት ያለበት። ፕሬስ ሁሉን አያወጣም። ኤምአይቲን ስትሉ ቴክኖሎጂ፣ ዲዛይን፣ ኮግኒቲቭ ሳይንስ ነው የሚመጣው፣ ፕሪንስተንን ስትሉ ኢኮኖሚክስና ሒሳብ፣ ዬልን ስትሉ የሥነ ጥበብ ታሪክ፣ ዱክን ስትሉ አንትሮፖሎጂና የባህል ጥናት። ቀላሉ ዘዴ የራሳችሁን ዋቢ ዝርዝር አውጥታችሁ ከመጽሐፋችሁ ጋር የሚነጋገሩት መጽሐፎች የማን እንደሆኑ መቁጠር ነው፣ ከዛ የምስጋና ገጻቸውን ክፈቱ፣ ደራሲዎች ኤዲተራቸውን በስም ያመሰግናሉ፣ ለማን መጻፍ እንዳለባችሁ እዛው አገኛችሁት ማለት ነው።

አጫጭር ተከታታዮች

ሙሉ መጽሐፍ የማይሞላ ግን ከጆርናል ጽሑፍ የሚበልጥ ሀሳብ ካላችሁ ይሄ መንገድ አለ። የኦክስፎርድ «ቬሪ ሾርት ኢንትሮዳክሽንስ» ከ1995 ጀምሮ ይወጣል፣ አንዱ 35,000 ቃል አካባቢ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ። ግን እሱ አንድን ርዕስ ማስተዋወቂያ ነው፣ የራሳችሁን አዲስ ክርክር ማራመጃ አይደለም፣ ጸሐፊዎቹም በመስኩ የታወቁ ሰዎች ናቸው። ኤምአይቲም በኪስ መጠን የሚያወጣው «ኢሴንሻል ኖሌጅ» የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው። ካምብሪጅ «ኤለመንትስ» ብሎ ከ20,000 እስከ 30,000 ቃል ያለው ነገር ያወጣል፣ ፈጣን ነው፣ ግን በአብዛኛው ለሙያው ሰው የሚጻፍ ስለሆነ አጭር መሆኑን ብቻ አይታችሁ ለሁሉም ሰው ይሆናል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሌላው አንዳንድ የማዕረግ ኮሚቴ አጭሩን እንደ «መጽሐፍ» አይቆጥረውም፣ ይሄንን ከመፈረማችሁ በፊት ከክፍላችሁ ኃላፊ በጽሑፍ አረጋግጡ።

ኦፕን አክሰስ

«ሁሉም ሰው እንዲያነበው» ማለት በነጻ ማለት ከሆነ ንጽጽሩ ይቀየራል። ኦፕን አክሰስ የሚባለው ይሄ ነው፣ ፋይሉ ለማንም በነጻ የሚከፈትበት። ዩሲኤል ፕሬስ (የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን) በ2015 ሲጀመር በእንግሊዝ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ኦፕን አክሰስ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነበር፣ በዛው ዓመት የካሊፎርኒያ ፕሬስ «ሉሚኖስ» የሚለውን ፕሮግራም ጀመረ፣ ኤምአይቲ ደግሞ በ2021 «ዳይሬክት ቱ ኦፕን» ብሎ ላይብረሪዎች ተባብረው ወጪውን ሲሸፍኑ መጽሐፉ ለሁሉም የሚከፈትበትን አሰራር አመጣ። ኦፕን ቡክ ፐብሊሸርስም አለ፣ ከ2008 ጀምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ባይሆንም በምሁራን የተቋቋመና ፒር ሪቪው (በሙያ ባልደረቦች ግምገማ) የሚያደርግ።

እዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ «ማን ነው የሚከፍለው» ነው። ሦስት መልስ አለ፣ ደራሲው ወይም ተቋሙ፣ የጥናቱ ገንዘብ ሰጪ፣ ወይም የላይብረሪዎች ስብስብ። ሦስተኛው ለናንተ ከሁሉም ይመቻል። የመጀመሪያው ብዙ ሺህ ዶላር ሊደርስ ስለሚችል ተቋማችሁ ፈንድ ከሌለው ከራሳችሁ ኪስ አትግቡበት። አንዳንዴ ምርጫም የለም፣ ለምሳሌ የእንግሊዙ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ሰጪ ዩኬአርአይ ገንዘቡን የሰጠበት ጥናት ሞኖግራፍ ሆኖ ከጥር 1፣ 2024 ጀምሮ ከታተመ በ12 ወር ውስጥ በነጻ መከፈት አለበት ይላል። ሕጋዊ ፕሬስ ዘንድ ደግሞ የገንዘቡ ወሬና የግምገማው ውሳኔ የተለያየ ክፍል ነው። ጽሑፋችሁን ሳያነብ «ተቀብለናል፣ ክፍያው ይሄን ያህል ነው» የሚል ኢሜይል የላከላችሁ አካል አሳታሚ አይደለም፣ ሱቅ ነው።

ላይሰንሱን (ሌላ ሰው በጽሑፋችሁ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚገልጸውን ፈቃድ) ሳታነቡ አትለፉ። ሲሲ ባይ የሚባለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ከሆነ ስማችሁን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ሳያስፈቅዳችሁ መተርጎም፣ ማሳጠር፣ መሸጥ ይችላል። ሲሲ ባይ ኤንሲ ኤንዲ ከሆነ ንግድም ለውጥም አይፈቀድም፣ ስለዚህ ትርጉም ለማውጣት ፈቃድ ይጠየቃል። በሌላ ቋንቋ እንዲነበብ የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያው በር ይከፍታል፣ ጽሑፌን ማንም እንዳይነካብኝ ካላችሁ ሁለተኛው። ፎቶና ካርታ ከሌላ ሰው የተወሰደ ከሆነ የፎቶው ባለቤት ለኦፕን አክሰስ ላይፈቅድ ይችላል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ድክመቱን ልናገር፣ ኦፕን አክሰስ ፋይሉን ይከፍታል እንጂ አንባቢ አያመጣም። መደብር መግቢያ ላይ ያለው ጠረጴዛ የለም፣ ጋዜጣ ላይ ሪቪው የማግኘት ዕድሉም ከትሬድ መጽሐፍ ያንሳል፣ ማስተዋወቁ በናንተው ላይ ይወድቃል። ግን አንባቢያችሁ ላይብረሪ የሌለው ተማሪ፣ መምህር፣ የመስክ ሰራተኛ ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም። የታተመው ቅጂ ጎን ለጎን ይሸጣል፣ ያንን አትርሱ።

የንግድ አካዳሚክ አሳታሚዎችና ትልልቆቹ ትሬድ ቤቶች

ራውትሌጅ፣ ፓልግሬቭ ማክሚላን፣ ብሪል (በ2024 ከደ ግሮይተር ጋር ተዋህዷል) ለትርፍ የሚሰሩ ናቸው። ጥቅማቸው ፍጥነት ነው፣ ግምገማው ብዙ ጊዜ በፕሮፖዛል ደረጃ ያልቃል፣ ሰፊ ስለሆኑ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያልተቀበለውንም ይቀበላሉ። ጉዳታቸው ዋጋ። ሃርድከቨሩ ለላይብረሪ ነው የሚተመነው፣ ፔፐርባኩ ቆይቶ ነው የሚመጣ፣ እሱም ከመጣ። በጠባብ ርዕስ ላይ ለሙያ ባልደረባ የተጻፈ ከሆነ ምንም ችግር የለውም፣ ለሰፊው አንባቢ ከሆነ ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ነው።

ትሬድ ቤቶቹ፣ ማለትም ለሰፊው ገበያ የሚያትሙት የንግድ አሳታሚዎች፣ ሌላ ዓለም ናቸው። ያለ ኤጀንት (ደራሲውን ወክሎ ከአሳታሚ ጋር የሚደራደር ሰው) ትልልቆቹ በር ላይ አትደርሱም፣ ኤጀንቱ ብዙ ጊዜ 15 ፐርሰንት ይወስዳል፣ ቅድመ ክፍያ አለ፣ ፒር ሪቪው የለም፣ መረጃ አጣሪ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ትቀጥራላችሁ። ኤዲተሩ ማስታወሻዎቹን ቀንስ፣ ክርክሩን አጉላ፣ ታሪኩን አስቀድም ይላችኋል፣ አንዳንዱ ምክር ወርቅ ነው፣ አንዳንዱ ጥናታችሁን የማያውቅ ሰው ምክር ነው። የሚረሳው ነገር ደግሞ ጊዜ ነው፣ ትሬድ ቤት መጽሐፉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተሸጠ ፊቱን ያዞራል፣ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ግን በዓመት ጥቂት ቅጂ የሚሸጥ መጽሐፍ ለዓመታት ካታሎጉ ላይ ያቆያል። ኮርስ ላይ የሚሰጥ መጽሐፍ ይሆናል ብላችሁ ካሰባችሁ ይሄ ከቅድመ ክፍያው ይበልጣል።

ስትልኩና ስትፈርሙ

ፕሮፖዛል ለብዙ ፕሬስ አንድ ላይ መላክ ይቻላል፣ እንደላካችሁ ግን ግለጹ። ሙሉ ረቂቅ ለግምገማ ሲሄድ ብዙዎቹ ለነሱ ብቻ እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ሪቪወር መለመን ቀላል አይደለም፣ የሚከፈላቸውም ትንሽ ነው ወይ በመጽሐፍ ነው፣ ስለዚህ ሦስት ቦታ ማስገምገም ያስቀይማል። ጊዜውን በተመለከተ ግምገማው ወራት ይወስዳል፣ የመጨረሻው ረቂቅ ከገባ በኋላ ደግሞ መጽሐፉ እስኪወጣ 10 ወር እስከ አንድ ዓመት ጠብቁ። ርዕሳችሁ የወቅቱ ወሬ ከሆነ ይሄን ከወዲሁ አስቡበት።

ፕሮፖዛሉ ላይ «አንባቢው ማን ነው» የሚለው ቦታ «ሁሉም ሰው» ብሎ የሚሞላ ደራሲ ወዲያው ይታወቃል። ኤዲተሩ ማወቅ የሚፈልገው የትኛው ሰው፣ ከየትኛው መጽሐፍ ቀጥሎ፣ ለምን እንደሚገዛው ነው። «በሆስፒታል የሚሰሩ ነርሶችና የጤና ፖሊሲ ጋዜጠኞች» ማለት «የተማረ አጠቃላይ አንባቢ» ከማለት መቶ እጥፍ ይሻላል። ተመሳሳይ መጽሐፎች ስትጠቅሱ የቅርብ ዓመታቱን፣ ከተቻለ ከዛው ፕሬስ የወጣ አንድ ጨምሩበት። ርዝመቱን ከ70,000 እስከ 90,000 ቃል ውስጥ ካደረጋችሁት ማንም አያማርርም፣ ከዛ ሲያልፍ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

ውሉ ላይ፣ ኢንዴክስ (መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው የቃላትና የስሞች ማውጫ) ብዙ ጊዜ የደራሲው ወጪ ነው፣ የፎቶ ፈቃድም እንደዛው። ቀጣዩን መጽሐፍ መጀመሪያ ለኛ አሳየን የሚለውን አንቀጽ እንዲወጣ ጠይቁ፣ ሳይከራከሩ የሚያወጡት አሉ። መብቱ መቼ እንደሚመለስላችሁ በሽያጭ ቁጥር ይገለጽ፣ በዲጂታል ፕሪንት ኦን ዲማንድ (ሲታዘዝ ብቻ በሚታተምበት) ዘመን «ከገበያ ሲጠፋ» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም፣ መጽሐፉ መቼም አይጠፋምና። ይዘቱን ለኤአይ ማሰልጠኛ መስጠት ይቻላል ወይስ በፈቃዳችሁ ብቻ ነው የሚለውንም አንሱ፣ አንዳንድ አሳታሚዎች እንዲህ ያለ ስምምነት መፈራረም ጀምረዋል። ለዓይነ ስውራን አንባቢዎችም እንዲሆን ለእያንዳንዱ ምስል የጽሑፍ መግለጫ አሁን ከደራሲው የሚጠይቁ ፕሬሶች እየበዙ ነው፣ የአውሮፓ የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 28፣ 2025 ጀምሮ ኢ-ቡክንም ስለሚመለከት። ምስሉን የመረጣችሁት እናንተ ስለሆናችሁ እናንተው ብትጽፉት ይሻላል።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ ካላችሁኝ፣ ቋሚ ቦታ ገና የምትጠብቁ ከሆነ በመስካችሁ የሚከበር ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ፣ ከመጀመሪያው ቀን ፔፐርባክ ያለው፣ ትሬድ ባይሆን እንኳን። ቦታው ያላችሁ ሰዎች ግን ነጻነት አላችሁ፣ ትሬድ መስመሩን ጠይቁ፣ አይሆንም ከተባለ ሌላ ፕሬስ ሞክሩ። አንባቢው ገንዘብም ላይብረሪም የሌለው ከሆነ ኦፕን አክሰስ፣ በላይብረሪዎች ገንዘብ የሚሰራ ከተገኘ ዓይናችሁን ሳታሹ። ታሪኩ ጠንካራ፣ ርዕሱ ትኩስ ከሆነ ኤጀንት ፈልጉ፣ ካልተሳካ ያው ፕሮፖዛል ትንሽ ተስተካክሎ ለዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ይሆናል።

የመጽሐፉ ዋጋ ብዙ ጊዜ ውሉ ላይ አይጻፍም፣ የሚወሰነው ቆይቶ ነው፣ ያኔ ደግሞ ያናገራችሁ ኤዲተር ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የታሰበውን ዋጋ፣ የዲስካውንቱን ዓይነትና የፔፐርባኩን ጊዜ በአንድ አጭር ኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን ከውሉ ጋር አስቀምጡት።